አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?

ተረፈ በሆሳዕና መናኸሪያ የስምሪት ተቆጣጣሪ ነው። ተራው የደረሰ መኪና ሲሞላ የመውጫ ወረቀት ይቆርጥለታል። ብዙ ሰው የስምሪት ሥራ እዚያ በር ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ ለተረፈ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወደ ዱራሜ የወጣ ሚኒባስ ቀጥ ብሎ መንገዱን ይዞ እንደሆነ፣ ወይስ ገበያ ወደቆመበት ቀበሌ ታጥፎ ትርፍ ሰው እየለቀመ እንደሆነ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ያውቃል።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ደግሞ ደስ ይላል። ሹፌሩ ጋ ይደውላል፤ «የት ነህ?» ብሎ ግን አይጀምርም። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ ዋጋ አጥቷል። አልጋው ላይ የተጋደመ ሰው «በር ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ማለት ይችላል። ተረፈ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። ሹፌሩ በገዛ አፉ «አራት ከሩብ» ይላል። ቀጥሎ «ዝናብ አለ?» ይለዋል፤ ከዚያ «ከፊትህ ምን ይታያል?»። ሦስቱ መልሶች ሲገጣጠሙ መኪናው የት እንዳለ ይታወቃል። ሰዓቱን ማስጠራቱ ለኋላም ይጠቅማል፤ ሹፌሩ ሲመለስ «ያኔማ ገና ሦስት ሰዓት ነበር» ብሎ እንዳይከራከር ያደርገዋል።

ሹፌሮቹ ያሾፉበታል። «ሚስቱ ከጓዳ ስትጠራው እንኳ 'አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው?' ይላታል» ይላሉ።

ዘዴው እንዲሠራ አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ የጠያቂውና የተጠያቂው ሰዓት አንድ መሆን አለበት። ከሆሳዕና እስከ ቦኖሻ፣ ከዱራሜ እስከ ሙዱላ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ችግር የሆነው የተረፈ ልጅ አዜብ ጆሃንስበርግ ልትሄድ በተነሳች ጊዜ ነው።

አዜብን ያጫት ሚክያስ የሚባል፣ ቤተሰቡ እዚሁ ሻሾጎ ያለ፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ወጣት ነው። ሽማግሌ ልኮ አስለመነ፤ ሽማግሌዎቹም አባቱንና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን ይዘው መጡ። ሙሽራው በሌለበት ምርቃቱ ተደረገ፤ እሱ በስልክ ስክሪን ላይ ሆኖ ከረባት አስሮ አሜን እያለ። በዚህ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከየመንደሩ አንድ ሁለት ሙሽራ እንዲህ ሆና ሄዳለች። አዜብ ሚክያስን ትወደዋለች፤ እናቷ ፋንታዬም ወዳዋለች። ተረፈ ግን ቲኬቱ በስልክ ከተላከበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

ቲኬቱን ይዞ መናኸሪያው በር አጠገብ ወዳለችው ወደ ሊሻን ሻይ ቤት ገባ። ሊሻን እናትና አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የወለዷት፣ ለሰው መልስ የማታጣ ሴት ናት።

«ሊሻን፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ። የሚነሳበትንና የሚደርስበትን ሰዓት።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይነሳል» አለች፣ የፈረንጁን ስምንት ወደ እኛ ሁለት እየመለሰች። «ስድስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ይደርሳል።»

«መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀ ማለት ነው?»

«አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።»

«ኪሎ ሜትሩስ?»

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ፣ በአየር፣ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር።»

ተረፈ የሻዩን ብርጭቆ አራቀው። «ከዚህ አዲስ አበባ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡስ አራት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ከሃያ? ማን ነው ይህን የሚያምነው?»

«አውሮፕላን እኮ ነው ጋሽ ተረፈ! ቡታጅራ ላይ ቆሞ ጥብስ አይበላም።»

ቤቱ ሳቀ። ተረፈ አልሳቀም። «አውሮፕላን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? እሱንም እዪልኝ።»

«ላይ ከወጣ በኋላ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ዘጠኝ መቶ ቢሆን ነው ይላል።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ከተረፈ ጋር ማስላት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። አራት ሺውን ለአራት ሰዓት ከሃያ ሲያካፍሉት በሰዓት ከዘጠኝ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። አውሮፕላን ደግሞ እንደ መኪና ሁሉ ከቆመበት ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ወደ ማኮብኮቢያው እየተንፏቀቀ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ይህን ሁሉ ይጨምራል። ስለዚህ የጉዞው አማካይ ፍጥነት ከላይኛው ፍጥነት በደንብ ማነስ አለበት፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ቢሆን ነው። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። በቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቷል!

አርባ ዓመት መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ሳያየው የሚያልፈውን ነገር ተረፈ ያየው ከማንም በልጦ አይደለም፤ ፍርሃት ስለያዘው ነው። ስሌቱ ልክ ነበር። የተሳሳተው የመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው። «በአራት ሰዓት ከሃያ የሚያደርሰው ሌላ፣ ቀረብ ያለ ቦታ ነው» አለ። «ልጄን የሚወስዷት ጆሃንስበርግ አይደለም።»

ሊሻን ሳቋን ያቆመችው ያኔ ነው። ተረፈ ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቷታል።

የተረፈ ታናሽ ወንድም ጥሩሰው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከዚሁ መናኸሪያ ወጣ። የላከው ብሩ የሚባል ደላላ ነው። ቃሉ፣ እስከ ናይሮቢ በመኪና፣ ከናይሮቢ ጆሃንስበርግ በአውሮፕላን የሚል ነበር። መውጫውን የቆረጠው ተረፈ ራሱ ነው፤ በመስኮት እጁን ጨብጦ ሸኘው። ከሳምንታት በኋላ ጥሩሰው ደወለ። ቁጥሩ በስልኩ ላይ አልወጣም።

«አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» አለው ተረፈ፣ እንደ ልማዱ።

«ሦስት።»

«አራት ነው እንጂ! ሰዓትህን አስተካክል። የት ነህ?»

«ናይሮቢ። አውሮፕላን እየጠበቅን ነው። ለእማዬ ደህና ነው በላት።»

አጠገቡ ሰው ቆሞ የሚያዳምጠው ዓይነት ድምፅ ነበረው። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የጥሩሰው ድምፅ አልተሰማም። በመሬት ተወስዶ ድንበር ሲሻገር ይሁን፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይሁን፣ ጫካ ውስጥ ይሁን ያለቀው፣ ያወቀ የለም።

ጉዳዩ ለሽማግሌ ቀረበ። ብሩ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ «ናይሮቢ በሰላም አስገብቼዋለሁ፤ እዚያ ካረፈበት ቤት በራሱ ወጥቶ ጠፋ፤ ከናይሮቢ አንድ እርምጃ አላሳለፍኩትም» ብሎ ማለ። መሐላው ተቀባይነት አገኘ፣ እርቅ ወረደ። ዘመድ ሁለት ጊዜ ናይሮቢ ሄዶ በየሆስፒታሉና በየእስር ቤቱ ጠየቀ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። እርቅ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሰላምታ መንሳት ነውር ነው። ስለዚህ ተረፈ ይህን ሁሉ ዓመት ብሩን መናኸሪያ ውስጥ ባገኘው ቁጥር እየጨበጠው ኖረ። ሰው መሸኘት ግን ተወ። ሥራው ቀኑን ሙሉ መኪና መሸኘት ሆኖ፣ የሚያውቀው ሰው የተሳፈረ እንደሆነ ጀርባውን ያዞራል።

አዜብንም አልሸኛትም። ቦሌ ድረስ የሄደችው ፋንታዬ ናት። ማለዳ ላይ ደውላ፣ «ገባች፣ በመስታወት እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ጌታ ይመስገን» አለችው።

«የትኛው አውሮፕላን ውስጥ ስትገባ አየሽ?»

«አንተ ሰው! በሩ ላይ ነው የምንቀረው፤ ማን ያስገባናል?»

«በዚያ በር የናይሮቢም ሰው ይገባል» አለና ዘጋው።

ያን ቀን መናኸሪያው እንደ ወትሮው ነበር። የዱራሜውን ተራ የሚጠራው ሰው፣ ጉሮሮው የተሰነጠቀ የሚመስል ድምፅ ያለው፣ «ዱራሜ! የሞላ ዱራሜ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ብሩ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያደረገው የሚመስለው ግራጫ ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ነው። እጁን ዘረጋ።

«ጋሽ ተረፈ፣ ሙሽራዋ በረረች አሉ። እንኳን ደስ አለህ!»

ተረፈ ጨበጠው። «ማን ነገረህ?»

«ኧረ ከተማው ሁሉ ያወራል! አትጠራጠር እንግዲህ፤ የዛሬ መንገድ እንደ ድሮ አይደለም።»

«የድሮው እንዴት ነበር?»

ብሩ ሳቀ። «እኔ ወደ ቦኖሻ ልውጣ» ብሎ በሰው መሃል ገባ።

ተረፈ ቲኬቱን እንደተረዳው አዜብ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ነበረባት። ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሰባት ተኩል ላይ ሚክያስ ጋ ደወለ፤ አያነሳም። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ሞከረ። ሊሻን ሽሮ አቀረበችለት፤ አልነካውም። አንድ ሹፌር መውጫ ሊያስቆርጥ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ታርጋዬን አራት ጊዜ ጠየቅከኝ እኮ!» አለው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ስልኩ ጮኸ። በኢሞ ነው፣ የሚክያስ ስም።

«አባዬ!»

የአዜብ ድምፅ ነው። ተረፈ ተነሳ፤ ከዚያም ተመልሶ ተቀመጠ። ጥሩሰውም በራሱ ድምፅ ነበር የደወለው።

«አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው?»

«ኧረ አባዬ ደህና ዋልሽ በለኝ መጀመሪያ!» ሳቀች። «ስምንት ሰዓት ነው።»

ተረፈ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ስልኩን አየ። ዘጠኝ ነው።

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«ሚክያስ ነዋ። መኪና ውስጥ ነን፣ ከኤርፖርት እየወጣን። ሚክያስ፣ አናግረው።»

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሰላም ገብታለች» አለ የወንድ ድምፅ።

«ዝናብ አለ?»

«የለም፣ ፀሐይ ነው።»

«አንተ ጋስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።»

ሁለቱም አንድ ዓይነት ዋሹ፤ ተመካክረዋል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሊሻን ከጀርባው መጥታ «ቪዲዮ ክፈቱለት!» ብላ ጮኸች። ስክሪኑ ላይ አዜብ ታየች፣ ከመኪና መስኮት ጎን፣ በሰፊ መንገድ ላይ፣ ዛፎች ወደ ኋላ እየሮጡ።

«አየህ?» አለች ሊሻን።

«ናይሮቢም ዛፍ አለ።»

«ፊቷን እየው እንጂ! የታፈነ ሰው እንዲህ ይስቃል?»

«ልጄ» አለ ተረፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንቺ ስምንት አልሽኝ። ሰው ካስገደደሽ ሽሮውን በላሁት በይኝ፤ ይገባኛል።»

የአዜብ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቋ ወዲያው ወደ እንባ ተለወጠ። አጎቷ እንዴት እንደጠፋ ታውቃለች። «አባዬ፣ አጎቴ ጥሩሰውን አስበህ ነው አይደል? ደህና ነኝ፤ እዚህ ሰዓቱ ነው ሌላ። ስልኬ እንደወረድኩ ራሱ ለወጠው። ሊሻንን ጠይቃት፤ ቤት ስገባ እደውላለሁ።»

ሊሻን ቀድማ ስልኳን ከፍታ ነበር። የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳየውን ቦታ አገኘች። ጆሃንስበርግ ብላ ጻፈች፤ ስልኩ «አንድ ሰዓት ወደኋላ» አለ።

ነገሩ ይህ ነው፤ ሲገባም በጣም ያምራል። ፀሐይ ለሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አትወጣም። ምሥራቅ ያለው ቀድሞ ያያታል፣ ምዕራብ ያለው ዘግይቶ። ጆሃንስበርግ ከእኛ ወደ ደቡብ ብቻ ሳይሆን ወደ ምዕራብም ገባ ያለች ናት፤ ስለዚህ ሰዓቷ ከእኛ በአንድ ይዘገያል። እዚያ ያሉ የእኛ ልጆች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ የፈረንጁን አሥራ አራት ስምንት ይሉታል። የሚቆጥሩት ግን የእዚያን አገር ሰዓት ነው። ቲኬት ደግሞ መነሻውን በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻውን በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጽፋል። በቲኬቱ ላይ የጠፋችው አንድ ሰዓት ይችው ናት! አውሮፕላኑ የበረረው አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር፤ አዜብ ያረፈችው በሆሳዕና ሰዓት ለስምንት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ላይ ነው፤ የቀረው ወረፋና ሻንጣ ነው።

ተረፈ ይህን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ እየጻፈ አሰላው። አራት ሺህ ለአምስት ሰዓት ከሃያ፤ በሰዓት ሰባት መቶ ሃምሳ። ገጠመ። ግን አልተነሳም።

«ሊሻን፣ ናይሮቢ ብለሽ ጻፊ።»

«ለምን?»

«ጻፊ።»

ጻፈች። «ከእኛ ጋር አንድ ነው። ምንም ልዩነት የለውም። እንግዲህ ልጅህ ናይሮቢ ብትሆን ኖሮ ዘጠኝ ትልህ ነበር፤ ስምንት ማለቷ እኮ ነው ማስረጃው! በሰባት ሰዓት ጉዞ ሰዓቱ ወደተለወጠበት አገር የሚያደርስ መኪና የለም።»

«አዎ። አዜብ ደርሳለች።» ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነው፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ። «ዳሬሰላም በይ።»

«እሱም አንድ ነው።»

«ከታንዛንያ ቀጥሎስ ማን ነው?»

«ማላዊ አለ። ሞዛምቢክ አለ።» ጻፈች። «እነዚህ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው።» ለምን እንደጠየቃት አሁን ገባት። መናኸሪያው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው፤ ተረፈ ወንድሙን በመጨረሻው ስልክ «ሰዓትህን አስተካክል» ብሎ መቆጣቱ ሲቆጨው ኖሯል።

«ሦስት ብሎኝ ነበር» አለ ተረፈ። «እዚህ አራት ነበር።»

የጥሩሰው ሰዓት አልተሳሳተም። ናይሮቢ ነኝ ሲል ናይሮቢ አልነበረም፤ ከታንዛንያም አልፎ ነበር። ይህን እንዲል የነገረው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው። ከናይሮቢ አንድ እርምጃ አላሳለፍኩትም ያለው ብሩ በሐሰት እንደማለ አሁን ተገለጠ። ዘመድ ሁለት ጊዜ የፈለገው እሱ በሌለበት አገር ነው።

ተረፈ ስልኩን አነሳ። የብሩ ቁጥር አለው፤ ከእርቁ ቀን ጀምሮ አለው፣ አንድ ቀን ግን ደውሎለት አያውቅም።

«ሃሎ» አለ ብሩ።

«አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?»

«ማን ልበል?»

«ተረፈ ነኝ።»

«ኦ! ጋሽ ተረፈ! ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ምነው በሰላም? ሙሽራዋ ደረሰች?»

«ደርሳለች። ዝናብ አለ?»

«የት?»

«አንተ ያለህበት።»

«እኔማ ቦኖሻ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ ደመና ነው።»

«ስለ ጥሩሰው አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር።»

«ያ ነገር በእርቅ የተዘጋ ነው ጋሽ ተረፈ። ደግሞም ሩቅ ነኝ፤ ሌላ ቀን ሳገኝህ…»

«ዱራሜ! የሞላ ዱራሜ! ሁለት ሰው!» የሚለው የተሰነጠቀ ድምፅ በቀኝ ጆሮው፣ ከስልኩ ውስጥ ገባ። በግራ ጆሮውም፣ በሻይ ቤቱ በር፣ ያው ድምፅ ገባ።

ተረፈ ስልኩን ሳይዘጋ ተነሳ። ሊሻን ክንዱን ያዘችው፤ ከዚያ ለቀቀችው።

«ግድ የለም፣ ሩቅ አይደለህም» አለ በስልኩ፣ ወደ ዱራሜው ተራ እየሄደ። «እዚያው ቆይ።»

ከሚኒባሶቹ መሃል ግራጫው ኮፍያ ዘወር ሲል አየው።